ለቻርሊ ቻፕሊን ጎልያድ የሆነለት ሰው

የድሆች ሰፈር ነው። መንገዱ መሀል አንድ ግዙፍ ሰው ቆሟል፤ ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ወፍራም ቅንድቦቹ ወደ ላይ ተቀስረዋል። ሥርዓት ሊያስከብሩ የመጡትን ፖሊሶች ደብድቦ መልሷቸዋል፤ የሰፈሩ ሰው ገና ሲያየው ይበተናል። አሁን ፊቱ የቆመው በዚያው ዕለት የተቀጠረ አንድ ትንሽ ፖሊስ ነው። ትንሹ ፖሊስ በቆመጡ የግዙፉን ራስ ደጋግሞ ይመታል። ሰውየው ዝንብ ያረፈበት ያህል እንኳ አልተሰማውም። ጉልበቱን ሊያሳየው ፈልጎ የመንገዱን የጋዝ መብራት ምሰሶ ይይዝና ወደ መሬት ያጎብጠዋል። ይህን ጊዜ ትንሹ ፖሊስ ዘሎ ጀርባው ላይ ይወጣል፤ የግዙፉን ጭንቅላት ፋኖሱ ውስጥ ከትቶ ጋዙን ይለቅበታል። ሰውየው ሲዝለፈለፍ የእጁን ትርታ ይዳስሳል፤ ገና ጥቂት እንደሚቀረው ሲያይ ጋዙን ትንሽ ይጨምርለታል።

ትንሹ ፖሊስ ቻርሊ ቻፕሊን ነው። ፊልሙ «ኢዚ ስትሪት» ይባላል፤ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1917 ነው። ቻፕሊንን ለአንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ባርኔጣውን፣ ከዘራውንና ሰፊ ሱሪውን ሕፃን ሳይቀር ያውቃቸዋል። ጭንቅላቱ ፋኖስ ውስጥ የገባውን ሰው ስም የሚያውቅ ግን በጣም ጥቂት ነው። ኤሪክ ካምቤል ይባላል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 11 ቀን 1910 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ፤ 37 ዓመቱ ነበር። መታሰቢያው በታኅሣሥ ስለሚውል የዚህን ሳምንት ዓምድ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘመኑን ሁኔታ ባጭሩ እናንሳ። ፌብሩዋሪ 1916 ቻፕሊን ኒውዮርክ ላይ ከሚውችዋል የፊልም ኩባንያ ጋር ውል ፈረመ። በሳምንት 10,000 ዶላር፣ ለፊርማው ብቻ ደግሞ 150,000 ዶላር ተከፈለው፤ የዓመቱ ድምር 670,000 ዶላር ይሆናል። ዕድሜው ገና 26 ነበር። ውሉ 12 አጫጭር ፊልሞች እንዲሠራ ያስገድደዋል። ሆሊውድ ውስጥ ሎን ስታር የተባለ ስቱዲዮ ተሰጠው፤ ተዋንያኑንም ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ በሥራ ዘመኑ ከሁሉ ይልቅ የተደሰተበት ጊዜ ያ እንደነበር ጽፏል።

ከመረጣቸው ሰዎች አንዱ ካምቤል ነበር። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ቤት ነው፤ ከለንደኑ የፍሬድ ካርኖ የቲያትር ቡድን። ካርኖ በዘመኑ የታወቀ የመድረክ ነጋዴ ሲሆን፣ ተዋንያኑን ያለ ንግግር፣ በአካል እንቅስቃሴ ብቻ ተመልካች እንዲያስቁ ያሠለጥን ነበር። ጥፊው መቼ እንደሚያርፍ፣ ተመቺው መቼ እንደሚወድቅ፣ ሦስተኛው ሰው በየትኛው በር እንደሚገባ ሁሉም በልኩ ተሰፍሮ ይለማመዱታል። ካምቤል በዚያ ትምህርት ካለፈ በኋላ በ1914 ወደ ኒውዮርክ መድረክ ተሻገረ። ቻፕሊን ውሉን ሊፈርም ኒውዮርክ በሄደበት ሰሞን አይቶት ወደ ካሊፎርኒያ ይዞት ሄደ። ቤተሰቡም በ1901 ያገባት ባለቤቱ ገርትሩድና ልጃቸው ኡና ነበሩ።

ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ95፣ ክብደቱ ከ130 ኪሎ በላይ ነበር። ቻፕሊን 1 ሜትር ከ65 ገደማ ነው። የዳዊትና የጎልያድ ነገር ወዲያው ትዝ ይላል፤ ለቻፕሊንም ትዝ ብሎታል። በኖቬምበር 1916 በወጣው «ቢሃይንድ ዘ ስክሪን» በተባለው ፊልም ውስጥ የካምቤል ገጸ ባሕርይ ስሙ ጎልያድ፣ የቻፕሊኑ ደግሞ ዳዊት ነው። ጎልያድ የስቱዲዮው ዕቃ አንሺዎች አለቃ ሆኖ ይተኛል፤ ዳዊት የአሥር ሰው ሥራ ብቻውን ይሠራል። አንድ ጊዜ ይህ ትንሽ ሰው ወንበሮቹን ሁሉ በአንድነት ተሸክሞ ብቅ ሲል እግሮቻቸው በየአቅጣጫው ተቀስረው ይታያሉ። አለቃው ነቅቶ ሲያየው ደግሞ የሠራው እሱ እንደሆነ ሁሉ ይኮራል።

ከ12ቱ የሚውችዋል ፊልሞች ካምቤል የሌለበት አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም «ዋን ኤ.ኤም.» የተባለውና ቻፕሊን ሰክሮ ቤቱ ሲገባ ከሞላ ጎደል ብቻውን የሚጫወትበት ነው። በሌሎቹ 11 ፊልሞች ካምቤል አለ። በ«ዘ ፍሎርዎከር» የመደብሩን ገንዘብ ሰርቆ ሊጠፋ የሚያደባ ሥራ አስኪያጅ፣ በ«ዘ ፋየርማን» የእሳት አደጋ ሠራተኞች አለቃ፣ በ«ዘ ቫጋቦንድ» ምስኪኗን ልጅ በጅራፍ የሚገርፍ የዘላኖች አለቃ ነው። በ«ዘ ካውንት» ልብስ ሰፊ ሆኖ መኳንንት መስሎ ግብዣ ይገባል፤ በ«ዘ ሪንክ» ግዙፍ ሰውነቱን ባለ ጎማ ጫማ ላይ አቁሞ ይንሸራተታል። በ«ዘ ኪዩር» ሪህ ያበጠው እግሩ በተሽከርካሪ በር ውስጥ ይጣበቃል።

እነዚህን ፊልሞች በተከታታይ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ካምቤል በየፊልሙ ፊቱን ይለውጣል። አንዱ ላይ ጢሙ ደረቱ ድረስ ይወርዳል፤ ሌላው ላይ ተላጭቶ ይመጣል። የማይለወጡት ቅንድቦቹ ናቸው። በቀለም ወፍረውና ወደ ላይ ተቆልምመው ከሩቅ ይታያሉ። ድምፅ በሌለበት ፊልም ቁጣው የሚነበበው በእነሱ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ሰው በመድረክ ዘመኑ የሚታወቀው በጥሩ የዘፈን ድምፁ መሆኑ ነው። ያን ድምፅ ፊልሞቹ አላስቀሩልንም። በቅርብ የሚያውቁት ሁሉ የተናገሩት ደግሞ ጨዋና ለስላሳ ሰው እንደነበር ነው።

የካምቤልን ዋጋ ለማወቅ የሚፈልግ «ዘ ኢሚግራንት»ን ይይ። ይህ ፊልም የወጣው ጁን 17 ቀን 1917 ሲሆን ስለ ስደተኞች የሚናገር ነው። የመጀመሪያው ግማሽ መርከብ ላይ ያልፋል። በሁለተኛው ግማሽ ቻርሊ አሜሪካ ገብቶ ተርቧል፤ መንገድ ላይ አንድ ሳንቲም ያገኝና ኪሱ ከትቶ ምግብ ቤት ይገባል፤ ኪሱ ግን ቀዳዳ ነው። ባቄላ ያዝዛል። አጠገቡ ሌላ ተስተናጋጅ ሂሳቡ አሥር ሳንቲም ጎድሎበት አሳላፊዎቹ ተረባርበው ሲደበድቡትና ሲያወጡት ያያል። የአሳላፊዎቹ አለቃ ካምቤል ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቻርሊ ባቄላውን የሚበላው አንድ ዓይኑን ካምቤል ላይ ተክሎ ነው። ተመልካቹም እንደዚያው።

ኬቪን ብራውንሎና ዴቪድ ጊል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የፊልም ታሪክ ሰዎች በ1983 «አንኖውን ቻፕሊን» የተባለ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ሠርተዋል። ከተጣሉት የሚውችዋል ቅጂዎች የተረፉትን ሰብስበው፣ ቻፕሊን እያንዳንዱን ትዕይንት እንዴት እየሞከረ፣ እየሰረዘ፣ እንደገና እየጀመረ እንደሚሠራ አሳዩ። ከነዚህ ቅጂዎች አንድ ነገር ወጣ። አሳላፊውን መጀመሪያ የተጫወተው ሄንሪ በርግማን ነበር። በርግማን ጎበዝ ተዋናይ ነው፤ ሰውነቱም ወፍራም ነው፤ ሆኖም አያስፈራም። ቻፕሊን ትዕይንቱን ብዙ ጊዜ ከቀረጸ በኋላ በርግማንን አንስቶ ካምቤልን አስገባ፤ የተቀረጸውንም እንደገና ሠራው። በርግማን በኋላ ሂሳቡን የሚከፍለው ሠዓሊ ሆነ። ለዚህ አጭር ፊልም ቻፕሊን ወደ 90,000 ጫማ የሚጠጋ ፊልም አንስቷል፤ ለሕዝብ የቀረበው ግን 2,000 ጫማ አይሞላም። ያን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ተዋናይ የለወጠው በከንቱ አይደለም። ተርቦ የሚበላ ሰው የሚያስቀው ከአጠገቡ እውነተኛ አደጋ ቆሞ ሲታይ ነው፤ ያን አደጋ የሚሸከም ፊት የነበረው ደግሞ ካምቤል ብቻ ነው። ለእኔ ስለ ካምቤል ጥበብ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም።

በ«ኢዚ ስትሪት» ቀረጻ ላይ የሆነውም መነሣት አለበት። የመብራቱ ምሰሶ ሲታጠፍ ፋኖሱ ወድቆ ቻፕሊንን አፍንጫው ላይ መታው፤ ተሰፋ፤ ቀረጻውም ቆመ። ዛሬ የምናየው ልስልስ ያለ ትዕይንት የተሠራው ከእውነተኛ አደጋ ጋር እየተጋፉ ነው። በ11 ፊልሞች ውስጥ ካምቤል ቻፕሊንን ማጅራቱን ይዞ ሲያነሣው፣ ሲወረውረው፣ ሲረግጠው እናያለን። 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው የሳምንቱ ክፍያ 10,000 ዶላር የሆነውን አካል በየቀኑ እያነሣ ሲጥል ጉዳት ሳያደርስበት መቆየቱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ኤሪክ ካምቤል የየት አገር ሰው ነው?

ለብዙ አሥርት ዓመታት መልሱ አንድ ነበር፤ የስኮትላንድ ሰው፣ በክላይድ ወንዝ መግቢያ ላይ ካለችው ከዱኑን ከተማ። የፊልም ታሪክ መጻሕፍት ይህንኑ ተቀባብለው ጻፉ። በ1996 ኬቪን ማክዶናልድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የፊልም ሠሪ «ቻፕሊንስ ጎልያዝ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ይህ ማክዶናልድ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ ኢዲ አሚን የሚተርከውን «ዘ ላስት ኪንግ ኦፍ ስኮትላንድ»ን የሠራው ሰው ነው። ስለ ካምቤል የሠራው ፊልም የተረሳውን ተዋናይ ወደ አደባባይ መለሰው፤ ዱኑንም ለልጇ የመታሰቢያ ሰሌዳ አቆመች። ለዚህ ሥራ ማክዶናልድ ምስጋና ይገባዋል።

በኋላ ግን የትውልድ መዝገብ የሚያገላብጡ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አገኙ። አልፍሬድ ኤሪክ ካምቤል የተወለደው በእንግሊዝ፣ በቼሻየር አውራጃ፣ ማንችስተር አጠገብ ባለችው በሴል ከተማ ነው። ዱኑን የምትወደው ልጅ በመዝገቡ እንግሊዛዊ ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱን ወገኖች አመዛዝኜ ያመንኩት መዝገቡን ነው። ምክንያቴን ልናገር። እንግሊዝ ውልደትን በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረችው በ1837 ነው፤ ከ1875 ወዲህ ደግሞ ልጁን ሳያስመዘግብ የቀረ ወላጅ ይቀጣል። ስኮትላንድም የራሷን መዝገብ ከ1855 ጀምሮ ይዛለች። ካምቤል የተወለደው በ1880 ነው፤ ማለትም ሁለቱም አገሮች ልጅ ሳይመዘገብ እንዳይቀር አጥብቀው በሚቆጣጠሩበት ዘመን። በዚያ ላይ እንግሊዝ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ትቆጥራለች። የዱኑን ወገን የሚያቀርበው ግን የስቱዲዮ ማስታወቂያንና ከእሱ የተቀዱ መጻሕፍትን ነው። የሆሊውድ ማስታወቂያ ጸሐፊዎች ደግሞ በዚያ ዘመን ለተዋንያን ዕድሜና አገር እንደፈለጉ ይሰጡ ነበር።

ታዲያ ዱኑን ከየት መጣች? እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ካምቤል የሚለው ስም የአርጋይል ምድር ትልቅ ጎሣ ስም ነው፤ ዱኑን ያለችው በአርጋይል ውስጥ ነው። ከዚህም ሌላ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የሙዚቃ አዳራሾች ከሁሉ የላቀ ዝና የነበረው ስኮትላንዳዊው ሃሪ ሎደር ነበር፤ መኖሪያ ቤቱም ዱኑን ውስጥ ነበር። ስኮትላንዳዊ መሆን በመድረክ ላይ ያስከብር ነበር፤ ገበያም ነበረው። ካምቤል የሚል ስም ያለው፣ ግዙፍና ጥሩ ዘፋኝ የሆነ ሰው «ከዱኑን ነኝ» ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። ለዚህ አልወቅሰውም፤ የመድረክ ሰው አገሩን ከስሙ ጋር አስማምቶ መያዙ በዚያ ሙያ የተለመደ ነበር።

ሎደርን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሃሪ ሎደር ካምቤል ከሞተ ከአንድ ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 1918 ቻፕሊን አዲስ ወዳሠራው ስቱዲዮ መጥቶ ለመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ሁለቱ አጭር ፊልም አብረው ተጫውተዋል። ካምቤል በሕይወት ቢኖር እዚያ ይገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። የዱኑንን ነገር ከሎደር ፊት ቆሞ እንዴት ያወራው እንደነበር ማሰብ ይቻላል።

አሁን የሚቀረው የሕይወቱ የመጨረሻ አምስት ወር ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ብዙዎች ይህን ክፍል እየጨመሩና እያጋነኑ ተርከውታልና።

ጁላይ 9 ቀን 1917 ባለቤቱ ገርትሩድ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት እራት ከበላች በኋላ በልብ ሕመም በድንገት ሞተች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የ16 ዓመቷ ኡና ለእናቷ የሐዘን ልብስ ልትገዛ ስትሄድ መኪና ገጭቷት ክፉኛ ተጎዳች። በአንድ ሰሞን ሚስቱን ቀበረ፤ ልጁንም በአልጋ ላይ አየ። በኦክቶበር 22 «ዘ አድቬንቸረር» ወጣ፤ ከሚውችዋል ፊልሞች የመጨረሻው ነው። በዚህ ፊልም ካምቤል አንዲት ልጃገረድን የሚፈልግ፣ ትልቅ ጢም ያለው ቁጡ ሰው ሆኖ ይጫወታል፤ ከእስር ያመለጠው ቻርሊ ጋዜጣ ላይ በወጣው የራሱ ፎቶ ላይ ጢም ስሎ የካምቤል ምስል ያስመስለዋል። ዓለም በዚህ ሲስቅ ሰውየው ምን ላይ እንደነበር አሁን እናውቃለን።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 12 ቀን በአንድ ግብዣ ላይ ፐርል ጊልማን ከተባለች የመድረክ ተጫዋች ጋር ተዋወቀ። በአምስተኛው ቀን ተጋቡ። ፐርል የዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረውን ዊልያም ኮሪን ያገባችው የሜቤል ጊልማን እኅት ናት። ሁለት ወር ሳይሞላ ፐርል የፍቺ ክስ አቀረበች። ካምቤል ከቤቱ ወጥቶ የሎስ አንጀለስ አትሌቲክስ ክበብ ውስጥ ክፍል ያዘ። ከጎኑ ያለው ክፍል የቻፕሊን ነበር።

የተለመደው ትረካ ጥፋቱን ሁሉ በፐርል ላይ ይጥላል። ገንዘብ አይታ ያገባችው፣ ገንዘቡ የጠበቀችውን ያህል አለመሆኑን ስታውቅ የተወችው አድርጎ ይስላታል። እኔ ይህን ትረካ አልቀበለውም። ካምቤል ሚስቱ ከሞተች ገና ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነበረው፤ ልጁ ተጎድታለች፤ መጠጥም ነበረበት። እንዲህ ያለ ሰው በአምስት ቀን ትውውቅ ሲያገባ ትዳሩ ቢፈርስ የሚያስገርም አይደለም፤ ጥፋተኛም መፈለግ አያስፈልገውም። በአምስት ቀን ያገባት እሱም ነው። ፐርል በታሪኩ ውስጥ የቀረችው በጋዜጣ ወሬና በክስ ወረቀት ብቻ ነው፤ የራሷን ቃል የጠየቃት የለም። ስለ ሐዘኑ የምንራራለትን ያህል ለእሷም ፍትሕ ይገባታል።

በሥራው በኩል ግን በሩ ክፍት ነበር። ቻፕሊን በጁን 1917 ፈርስት ናሽናል ከተባለ የፊልም ኩባንያ ጋር አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አዲስ ውል ፈርሞ የራሱን ስቱዲዮ እያሠራ ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ካምቤልን ለተዋናይቷ ሜሪ ፒክፎርድ አዋሰው፤ በማርሻል ኒላን ዳይሬክተርነት በሚሠራው «አማሪሊ ኦፍ ክሎዝስላይን አሊ» ፊልም ላይ ሥራ ጀምሮ ነበር። ሳይጨርሰው ቀረ። ዲሴምበር 20 ቀን 1917 ከግብዣ ጠጥቶ ሲመለስ ዊልሸርና ቨርሞንት ጎዳናዎች በሚገናኙበት መኪናው ተጋጭታ እዚያው ሞተ። ከሚስቱ ሞት አምስት ወር ከጥቂት ቀን ብቻ አልፎ ነበር።

አስከሬኑ ተቃጠለ። አመዱን ግን የወሰደው ሰው አልነበረም። እስከ 1938 ድረስ በቀብር አስፈጻሚዎቹ ዘንድ ቆየ፤ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ወዳለው ሮዝዴል መቃብር ተላከ፤ እዚያም ሳይቀበር በቢሮ ውስጥ ተቀመጠ። በ1952 አንድ የቢሮው ሠራተኛ ነገሩ ከንክኖት አመዱ መሬት እንዲገባ አደረገ፤ ቦታው ግን በትክክል አልተመዘገበም። 34 ዓመት ያህል ማንም ሳይጠይቅለት ቆየ ማለት ነው። ያው 1952 ቻፕሊን ወደ አውሮፓ ለጉዞ በወጣበት የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን የሰረዘበት ዓመት ነው። ጎልያድ በአሜሪካ አፈር ያለ ምልክት በገባበት ዓመት ዳዊት ከአሜሪካ ተባረረ።

ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ካምቤል ባይሞት ኖሮ የቻፕሊን ፊልሞች ሌላ መልክ ይኖራቸው ነበር? ቻፕሊን ከዚያ በኋላ ሌሎች ግዙፍ ሰዎችን አሠርቷል። ዋናው ማክ ስዌይን ነው፤ በ1925ቱ «ዘ ጎልድ ረሽ» ተርቦ ቻርሊን ዶሮ አድርጎ የሚያየው ሰው። ስዌይን ድንቅ ተዋናይ ነው፤ ግን የቻርሊ ጓደኛ የሚሆን ሰው ነው፤ ጠላት ሆኖ አያስደነግጥም። ካምቤል ከሞተ በኋላ ቻፕሊንን የሚያሳድደው ሰው እየቀረ በምትኩ ሕግ፣ ረሀብ፣ ፋብሪካና ማሽን መጡ። በ1940 «ዘ ግሬት ዲክታተር»ን ሲሠራ ጨቋኙንም ተጨቋኙንም ራሱ ተጫወተ። እንደ ካምቤል ያለ ጠላት ዳግመኛ አላገኘም፤ በእኔ እምነት ፊልሞቹ ወደ ማኅበረሰቡና ወደ መንግሥት ፊታቸውን ካዞሩበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ለዓለም መልካም ሆኖ ይሆናል። ለካምቤል ግን ሁለት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ብቻ ነው የተሰጠው፤ ሁሉንም ተጠቀመበት።

ዛሬ ነገሩ የተሻለ ነው። የፈረንሳዩ ሎብስተር ፊልምስና የጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ የፊልም ቤተ መዛግብት የሚውችዋል ፊልሞችን ከየአገሩ ቅጂ ሰብስበው አድሰዋቸዋል፤ ፊቶቹ ቀድሞ ከምናውቀው ቅጂ በጣም ጠርተው ይታያሉ። አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብታቸውም ስላለፈ ማንም በስልኩ ሊያያቸው ይችላል። «ዘ ኢሚግራንት» ደግሞ ከ1998 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሰንበት ሃያ ደቂቃ ካለዎት «ዘ ኢሚግራንት»ን ይክፈቱ። ቻፕሊንን ከዚህ በፊት አይተውታል፤ በዚህ ጊዜ ዓይንዎን አሳላፊው ላይ ያድርጉ፤ ስሙንም ለልጆችዎ ይንገሩ።